አንድ ዛፍ ነው ወይስ ደን? የዛፍ ክሎንን በሚውቴሽን የማጥናት መመሪያ

በአሜሪካ ዩታ ግዛት፣ ፊሽሌክ በሚባል ብሔራዊ ደን ውስጥ አስፐን የሚባል ዛፍ የሞላበት አንድ ጫካ አለ። 43 ሄክታር ያህል ይሸፍናል። ወደ 47,000 የሚጠጉ ግንዶች ቆመውበታል። ለአላፊ አግዳሚው ጫካ ነው። ግንዶቹ ግን ሁሉም የአንድ ዛፍ ናቸው። ከአንዲት ዘር የበቀለ ዛፍ ሥሩን ከመሬት በታች እየዘረጋ፣ ከሥሩ ላይ አዲስ ግንድ እያበቀለ እዚህ ደረሰ። እንዲህ ከአንድ ዘር በቅሎ ራሱን እያባዛ የሄደ የግንዶች ስብስብ ክሎን ይባላል። ይህኛውን ፓንዶ ይሉታል። በላቲን «እዘረጋለሁ» ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ዛፍ ያየ ሰው መጠየቁ አይቀርም። ከየት ጀመረ? በየት በኩል ተስፋፋ? ስንት ዓመቱ ነው? ግንድ ቆርጦ ቀለበት መቁጠር እዚህ አያዋጣም። አንዱ ግንድ መቶ ዓመት አካባቢ ኖሮ ይወድቃል፤ ሥሩ ደግሞ ሌላ ያበቅላል። የግንዱ ዕድሜ የዛፉ ዕድሜ አይደለም።

መልሱ ያለው በዲኤንኤ ቅጂ ስህተቶች ውስጥ ነው። የብራና መጽሐፍ በእጅ ሲገለበጥ የሚሆነውን አስቡ። አንድ ጸሐፊ አንዲት ፊደል ይስታል። ከእሱ ቅጂ የሚገለብጡ ሁሉ ያንኑ ስህተት ይዘው ይሄዳሉ። ከዘመናት በኋላ ቅጂዎቹን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው፣ የትኛው ከየትኛው እንደተገለበጠ በስህተቶቹ ይለያል። ዛፍም እንዲሁ ነው። ህዋስ ሲከፈል ዲኤንኤው ይገለበጣል፤ አልፎ አልፎ አንዲት ፊደል ትቀየራለች፤ ሚውቴሽን የሚባለው ይህ ነው። ያ ህዋስ የአዲስ ግንድ መነሻ ከሆነ፣ ሚውቴሽኑ ወደ ግንዱ ሁሉ ይገባል። ከዚያ ግንድ ሥር የሚበቅሉትም ይወርሱታል።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ሥራው ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ምክንያቱም እውነተኛው ሚውቴሽን ጥቂት ነው፣ ዲኤንኤውን የሚያነበው መሣሪያ ስህተት ደግሞ እልፍ ነው። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ከመስክ እስከ ኮምፒውተር የሚወስድ ነው። ብዙ ቦታ የምሰጠው ግን እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለመለየት ነው። ሥራው የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚያ ነውና።

1. መጀመሪያ ጥያቄውን ለዩ

ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉ፤ ሰው ብዙ ጊዜ ይቀላቅላቸዋል። አንደኛው «እነዚህ ግንዶች የአንድ ክሎን ናቸው ወይ?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «በክሎኑ ውስጥ የትኛው ግንድ ከየትኛው ጋር ይቀራረባል?» የሚለው ነው። የመጀመሪያው በጥቂት የዘረመል ምልክቶች ይመለሳል፤ ብዙ ገንዘብም አይፈጅም። ሁለተኛው ሰፊ የጂኖም፣ ማለትም የዛፉ ሙሉ ዲኤንኤ፣ ንባብ ይፈልጋል።

የፓንዶ ታሪክ ራሱ በዚሁ ቅደም ተከተል ነው የሄደው። በ1970ዎቹ በርተን ባርንስ የቅጠሉንና የግንዱን መልክ አይቶ አንድ ክሎን መሆኑን ተናገረ። ስሙን በ1992 ያወጡለት ማይክል ግራንትና ባልደረቦቹ ናቸው። በ2008 የዘረመል ምልክቶች የባርንስን ዓይን አረጋገጡ። በክሎኑ ውስጥ ያሉትን ሚውቴሽኖች አንድ በአንድ ለመፈለግ የተሞከረው ደግሞ ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው።

በዚህ ሥራ ሁለት ቃላት ይደጋገማሉ። ከአንድ ዘር የመጣው ሙሉው ክሎን ጄኔት ይባላል። ለብቻው ቆሞ የምናየው እያንዳንዱ ግንድ ራሜት ነው።

2. ዛፋችሁን እወቁ

መስክ ከመውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር አረጋግጡ።

አንደኛ፣ ዛፉ በምን መንገድ ነው የሚስፋፋው? አስፐን ከሥሩ ያበቅላል። አንዳንዱ ዛፍ ቅርንጫፉ መሬት ሲነካ ሥር ይሰድዳል። ሌላው ከተቆረጠ ጉቶ ያቆጠቁጣል። መንገዱ ከተለያየ የምትጠብቁት ካርታም ይለያያል። ከጉቶ የሚያቆጠቁጥ ዛፍ ባለበት ይቆያል፤ በሥር የሚሄደው ግን በየትውልዱ ብዙ ሜትር ሊጓዝ ይችላል።

ሁለተኛ፣ የክሮሞሶም ስብስቡ ስንት ነው? ብዙ ዛፍ ሁለት ስብስብ አለው። ፓንዶ ሦስት አለው። ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሁለት ስብስብ ባለው ዛፍ፣ አንድ ሚውቴሽን በሁሉም ህዋስ ውስጥ ካለ ከንባቦቹ (መሣሪያው በየቁራጩ ካነበባቸው የዲኤንኤ ክፍሎች) ግማሽ ያህሉ ያሳዩታል። ሦስት ስብስብ ባለው ላይ ግን የሚያሳዩት ሲሶው ብቻ ናቸው። ሶፍትዌሩ ይህን ካልተነገረው እውነተኛውን ሚውቴሽን እንደ ስህተት ይጥላል።

ሦስተኛ፣ የተነበበ ጂኖም አለው ወይ? ለዝርያው ራሱ ከሌለ የቅርብ ዘመዱ ሊያገለግል ይችላል። አስፐን በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው። የዘመዱ የጥቁር ኮተንውድ ጂኖም በ2006 ታትሟል፤ ከዛፎች ሁሉ የመጀመሪያው ነበር። ዘመዱ እየራቀ በሄደ ቁጥር ግን ንባቦች በስህተት ቦታ ይለጠፋሉ። ሐሰተኛ ሚውቴሽን ከሚፈለፈልባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው።

3. የናሙና ካርታ ሥሩ

ናሙና ያልተያዘለትን ነገር በኋላ ኮምፒውተር አይፈጥረውም። ስለዚህ እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

ጫካውን በፍርግርግ ከፋፍሉት፤ በየመገናኛው አንድ ግንድ ውሰዱ። ይህ ሰፊውን ምስል ይሰጣችኋል። ግን አይበቃም። ሁለት ሦስት ቦታ መርጣችሁ፣ በጥቂት ሜትር ርቀት ውስጥ ያሉ ብዙ ግንዶችንም ውሰዱ። ቅርብ ለቅርብ ያሉ ግንዶች ዝምድና የሚታየው እዚያ ነው። በጫካ ጥላ ሥር ጂፒኤስ በብዙ ሜትር ሊስት ይችላል። ስለዚህ ለቅርቦቹ ግንዶች በሜትር መለኪያ ለክታችሁ በእጅ ካርታ ሣሉ።

አሁን የምለውን በቀይ አስምሩበት። ከአንዱ ግንድ ሁለት ወይም ሦስት ናሙና ውሰዱ። ከሁሉም ግንድ ባይሆን፣ ቢያንስ ከጥቂቶቹ። ናሙናዎቹ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለየብቻ ይሂዱ፤ ዲኤንኤያቸው ለየብቻ ይውጣ፣ ለየብቻ ይነበብ። በሁለቱም ላይ የታየ ለውጥ የመሣሪያ ስህተት የመሆን ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። በአንዱ ብቻ ከታየ ተጠርጣሪ ነው። በጀት ጠቦ 60 ግንድ አንድ አንድ ጊዜ ወይም 30 ግንድ ሁለት ሁለት ጊዜ መምረጥ ቢኖርብኝ፣ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ከክሎኑ ውጭ ያሉ ጎረቤት ዛፎችንም አትርሱ። ዝርያቸው አንድ ሆኖ ከሌላ ዘር የበቀሉ ይሁኑ። እነሱ ላይ የታየ ለውጥ በክሎኑ ውስጥ አዲስ የተፈጠረ ሚውቴሽን ሊሆን አይችልም ብለን እንነሣለን። ወይ የቆየ የዝርያው ልዩነት ነው፣ ወይ መሣሪያው ሁልጊዜ የሚሳሳትበት ቦታ ነው።

ከየትኛው የዛፍ ክፍል ይወሰድ? ለጋ ቅጠል ወይም እምቡጥ ጥሩ ዲኤንኤ ይሰጣል። ግን አንድ ነገር እወቁ። የተክል የእድገት ጫፍ፣ ሜሪስተም የሚባለው፣ በንብርብር የተሠራ ነው። ብዙ ጊዜ ሦስት ንብርብር አለው። የቅጠሉ ቆዳ ከላይኛው ንብርብር፣ የውስጡ ሥጋ ከታችኞቹ ይመጣል። በአንዱ ንብርብር የተፈጠረ ሚውቴሽን ወደ ሌላው ሳይሻገር ለዘመናት ሊኖር ይችላል። በ2024 በአፕሪኮት ዛፍ ላይ የታተመ ጥናት አብዛኞቹ ሚውቴሽኖች በአንድ ንብርብር የተወሰኑ መሆናቸውን አሳይቷል። ስለዚህ ከአንዱ ግንድ ቅጠል፣ ከሌላው ቅርፊት አትውሰዱ። ሁሉም አንድ ዓይነት ክፍል ይሁን። ከሥርና ከቅጠል ማነጻጸር ከፈለጋችሁ ደግሞ ከሁሉም ግንድ ሁለቱንም ውሰዱ።

የተወሰደው ቅጠል በወረቀት ከረጢት ሆኖ ወዲያው እርጥበት በሚመጥ ሲሊካ ጄል ውስጥ ይግባ። ሲሊካው በክብደት ከቅጠሉ አሥር እጥፍ ይሁን። ቀለም የሚቀይረውን ዓይነት ከቀላቀላችሁ እርጥበት ሲሞላው ታውቃላችሁ። የናሙናውን ቁጥር ከረጢቱ ላይ በእርሳስ ጻፉ፤ ሌላ ቁራጭ ወረቀት ላይም ጽፋችሁ ውስጥ ጨምሩ። ብዕር በአልኮል ይጠፋል፤ እርሳስ አይጠፋም። ግንዱ ላይም ቁጥር ያለው መለያ እሰሩ። የመሬቱ ባለቤት ወይም ጠባቂ ፈቃድ በጽሑፍ በእጃችሁ ሳይኖር አንድ ቅጠል እንዳትበጥሱ።

4. ዲኤንኤውን አውጡ፣ ናሙናዎቹን ግን በውዙ

የዛፍ ቅጠል አስቸጋሪ ነው። ፖሊፊኖልና ሙጫ መሰል ስኳሮች ሞልተውበታል። ዲኤንኤውን ያጠቁሩታል፣ ያዝለገልጉታል። ሲታብ የሚባለው ዘዴ ፒቪፒ ከሚባለው ዱቄት ጋር እስካሁን ታማኝ ነው። ሜርካፕቶኤታኖል የምትጨምሩ ከሆነ ጭስ ማውጫ ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ብቻ ሥሩ፤ መርዛማ ነው። የዲኤንኤውን መጠን ኪውቢት በሚባለው መለኪያ ለኩ። ናኖድሮፕ የሚባለው ሌላ መለኪያ ንጽሕናውን ለማየት ይጠቅማል፤ የ260/280 ንጽጽር (በ260 እና በ280 ናኖሜትር የሚመጠጠው ብርሃን ሲነጻጸር) 1.8 አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው። በመጠን በኩል ግን ቆሻሻውንም አብሮ ሊቆጥር ስለሚችል አይታመንም።

ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር እነሆ። ከሰሜን የመጡትን ናሙናዎች ሰኞ፣ ከደቡብ የመጡትን ማክሰኞ ብታወጡ ምን ይሆናል? የሰኞና የማክሰኞ የላብራቶሪ ልዩነት በመረጃው ላይ ይታያል። እናንተ ግን የሰሜንና የደቡብ ልዩነት ይመስላችኋል። «ክሎኑ በሁለት አቅጣጫ ተስፋፋ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ፤ የተስፋፋው ግን የላብራቶሪ ጣጣ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ናሙናዎቹን በዕጣ አደባልቁ፤ በየቀኑም፣ ናሙና በሚደረደርበት በየላብራቶሪ ሳህኑም ከሁሉም አቅጣጫ ይኑር። የአንድ ግንድ መንታ ናሙናዎች ደግሞ በተለያየ ሳህን ይቀመጡ።

5. ክሎኑን በርካሽ አረጋግጡ

ሙሉ ጂኖም ከማንበባችሁ በፊት ማይክሮሳተላይት በሚባሉ ምልክቶች አጣሩ። እነዚህ በጂኖም ውስጥ አጫጭር ፊደላት የሚደጋገሙባቸው ቦታዎች ናቸው። በደንብ የሚለያዩ አሥር ያህል ምልክቶች ከበቂ በላይ ይሆናሉ።

ውጤቱን ስታነቡ ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ እዩ። ከሌላ ዘር የበቀለ ዛፍ፣ ወንድም እንኳ ቢሆን፣ በብዙ ምልክቶች ይለያል። በአንድ ምልክት ላይ በአንድ ድግግሞሽ ብቻ የሚለይ ግንድ ግን የክሎኑ አባል ሆኖ ሚውቴሽን የገባበት ሊሆን ይችላል። ያንን ናሙና አውጥታችሁ አትጣሉት። ድገሙና ካረጋገጣችሁ፣ የመጀመሪያ ሚውቴሽናችሁን አገኛችሁ ማለት ነው። በማይክሮሳተላይት ብቻ የአስፐን ክሎኖችን ዕድሜ ለመገመት የሞከሩ ተመራማሪዎችም ነበሩ። በ2008 ባሳተሙት ሥራ የክሎኑ ስፋት የዕድሜው ጥሩ መለኪያ እንዳልሆነ አሳዩ። ሰፊ ማለት ያረጀ ማለት አይደለም።

6. ንባቡን አቅዱ

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ጂኖሙ 500 ሚሊዮን ፊደል ነው እንበል። እያንዳንዱን ቦታ 30 ጊዜ አነበባችሁ። በጠቅላላ 15 ቢሊዮን ፊደል አነበባችሁ ማለት ነው። መሣሪያው ከ1,000 ፊደል አንዱን ቢሳሳት፣ በአንዱ ናሙና ብቻ 15 ሚሊዮን ስህተት አላችሁ። የምትፈልጉት እውነተኛ ሚውቴሽን ደግሞ በመቶዎች ሊሆን ይችላል። የሥራው ክብደት ይኸው ነው።

በእርግጥ አብዛኛው የመሣሪያው ስህተት አንድ ቦታ ላይ ተደጋግሞ አይወድቅም። 30 ጊዜ ከተነበበ ቦታ 15 ያህሉ አዲሱን ፊደል ካሳዩ፣ ያ በአጋጣሚ የሚመጣ አይደለም። ሦስቱ ብቻ ካሳዩ ግን ምን እንደሆነ መናገር ይከብዳል። ስህተት ሊሆን ይችላል፤ በአንዱ ንብርብር ጥቂት ህዋሶች ውስጥ ያለ እውነተኛ ሚውቴሽንም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለት ስብስብ ላለው ዛፍ 30 እጥፍ ጥሩ መነሻ ነው። ሦስት ስብስብ ካለው ወይም የንብርብር ሚውቴሽን ከፈለጋችሁ ከፍ አድርጉት። ከተቻለ ዲኤንኤው ሳይባዛ በቀጥታ የሚነበብበትን ዝግጅት ምረጡ፤ ማባዛት የራሱን ስህተት ይጨምራልና።

ገንዘብ ካጠረ የጂኖሙን ጥቂት ክፍል ብቻ የሚያነቡ ዘዴዎች አሉ። ብዙ ግንድ ለማየት ይጠቅማሉ። የሚያገኟቸው ሚውቴሽኖች ግን ጥቂት ስለሚሆኑ ቅርብ ለቅርብ ያሉ ግንዶችን መለየት ያዳግታል።

7. እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለዩ

ንባቦቹን ቢዋ-ሜም በሚባለው ሶፍትዌር ጂኖሙ ላይ በየቦታቸው አስቀምጡ። ተደጋጋሚ ቅጂዎችን ምልክት አድርጉ። ጂኤቲኬ ወይም ቢሲኤፍቱልስ በሚባሉ ሶፍትዌሮች የሁሉንም ናሙና የፊደል ልዩነቶች በአንድ ላይ አስለዩ። እስከዚህ የተለመደ መንገድ ነው፤ ብዙም አልቆይበትም። ዋናው ማጣራቱ ነው።

መጀመሪያ በሁሉም የክሎኑ ናሙና ላይ ያለውን ለውጥ አውጡ። እሱ ዘሪቱ ከእናት ከአባቷ ይዛው የመጣች ነው፤ ለክሎኑ ውስጣዊ ታሪክ አይጠቅምም። የምትፈልጉት በአንዳንዱ ግንድ ኖሮ በሌላው የሌለውን ነው። «የለም» ለማለት ደግሞ ቦታው በደንብ መነበብ አለበት። አራት ጊዜ ብቻ በተነበበ ቦታ ላይ አዲሱ ፊደል ባይታይ፣ የለም ማለት አይደለም፤ አልታየም ማለት ነው። እነዚህን ሁለቱን በሠንጠረዣችሁ ላይ በተለያየ ምልክት ጻፉ። ብዙ ስህተት የሚመጣው «አልታየም» የሚለው ዜሮ ተደርጎ ሲጻፍ ነው።

ቀጥሎ በጎረቤት ዛፎች ላይ የታየውን ሁሉ አውጡ። ከዚያ ንባብ ከልክ በላይ የተከመረባቸውን ቦታዎች አውጡ። እዚያ ሁለት ተመሳሳይ የጂኖም ክፍሎች በአንድ ላይ ተለጥፈው ይሆናል፤ በመካከላቸው ያለው የቆየ ልዩነት ሚውቴሽን መስሎ ይታያል። ከዚያ መንታ ናሙናዎቹን አነጻጽሩ። በሁለቱም የታየው ይቆይ፤ በአንዱ ብቻ የታየው ወደ ተጠርጣሪ መዝገብ ይግባ።

ለተረፉት ዓይናችሁን ተጠቀሙ። አይጂቪ በሚባለው ሶፍትዌር ቢያንስ መቶ ያህሉን አንድ በአንድ ተመልከቱ። ጥሩ ሚውቴሽን ንባቦቹ በሁለቱም አቅጣጫ ያሳዩታል፣ አካባቢው ንጹሕ ነው፣ የፊደል ድግግሞሽ አጠገብ የለም። ዓይን ከሃያ ቦታ በኋላ ይለምዳል። ይህ ሥራ አሰልቺ ይመስላል፤ ግን ስለ መረጃችሁ የምትማሩት ሁሉ እዚያ ነው። በመጨረሻ ጥቂቶቹን መርጣችሁ በሌላ ዘዴ፣ ለምሳሌ በሳንገር ንባብ፣ አረጋግጡ።

ማጣሪያው ልክ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? እኔን በጣም ደስ የሚለኝ መንገድ ዛፉን ራሱን ምስክር ማድረግ ነው። የአንድ ቋሚ ግንድ ቅርንጫፎች እንዴት እንደተከፋፈሉ በዓይን ይታያል። ከቅርንጫፎቹ ጫፍ ናሙና ወስዳችሁ በሚውቴሽን የዝምድና ሐረግ ብትሠሩ፣ ሐረጉ ከዛፉ ቅርጽ ጋር መግጠም አለበት። በ2020 የታተመ የአውስትራሊያ ባሕር ዛፍ ጥናት ያደረገው ይህንኑ ነው። ከአንድ ዛፍ ስምንት ቅርንጫፎች፣ ከእያንዳንዱ ሦስት ናሙና ተወሰደ። ከሚውቴሽን የወጣው ሐረግ ከዛፉ ቅርጽ ጋር ተስማማ። በዚያው ምን ያህሉ ሐሰተኛ እንደሆነ፣ ምን ያህሉ እንዳመለጠ መገመት ተቻለ። ክሎናችሁን ከመንካታችሁ በፊት በአንድ ትልቅ ግንድ ላይ ይህን ብትሞክሩ ማጣሪያችሁን ትክክለኛ ቦታ ላይ ታስቀምጡታላችሁ።

ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ቢወጣ አትደንግጡ። በስዊዘርላንድ ሎዛን፣ የናፖሊዮን ኦክ የሚባል ዛፍ ሲጠና 234 ዓመቱ ነበር። ተመራማሪዎች የታችኛውንና የላይኛውን ቅርንጫፍ ጂኖም አነጻጽረው በ2017 ባሳተሙት ሥራ ያረጋገጡት 17 የፊደል ለውጥ ብቻ ነው። ማጣሪያቸው ጥብቅ ስለነበር ያመለጣቸው እንደሚኖር ግልጽ ነው። ቢሆንም ዛፎች ዲኤንኤያቸውን በጥንቃቄ የሚይዙ መሆናቸውን ያሳያል።

8. የዝምድናውን ሐረግ ሥሩ

አሁን ሠንጠረዥ አላችሁ። በአንድ በኩል ግንዶች፣ በሌላ በኩል ሚውቴሽኖች፤ በየሳጥኑ «አለ»፣ «የለም» ወይም «አልታወቀም»። ይህን አይኪው-ትሪ ለመሰለ ሶፍትዌር ሰጥታችሁ ሐረግ ማሠራት ትችላላችሁ። ከዚያ በፊት ግን በእጅ የሚሠራ አንድ ፍተሻ አለ።

በክሎን ውስጥ ዘር አይቀላቀልም። ስለዚህ ሚውቴሽኖች እንደ ሳጥን በሳጥን አንዱ በአንዱ ውስጥ መግባት አለባቸው። ሁለት ሚውቴሽን ውሰዱ። አንዱ ግንድ የመጀመሪያውን ብቻ፣ ሌላው ሁለተኛውን ብቻ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ይዞ ከተገኘ የሆነ ቦታ ስህተት አለ። አንድ ሚውቴሽን ሁለት ጊዜ መፈጠሩ ወይም ተፈጥሮ መጥፋቱ የሚቻል ነገር ነው፤ ግን ብርቅ ነው። እንዲህ የሚጋጩ ጥንዶችን ቁጠሩ። ከበዙ ወደ ማጣሪያው ተመለሱ።

ሐረጉ ሲወጣ ካርታው ላይ አስቀምጡት። በዘረመል የሚቀራረቡ ግንዶች በመሬትም ይቀራረባሉ? ማንቴል የሚባለው ፈተና ይህን በቁጥር ይነግራችኋል። የጠበቃችሁት ካልመጣ መረጃውን አትጫኑት። በፓንዶ ላይ በ2024 በቅድመ ኅትመት የወጣው ጥናት ቅርብ ያሉ ግንዶች ከሩቆቹ ይልቅ ይዛመዳሉ ብሏል፤ ግን ግንኙነቱ ከተጠበቀው በጣም የደከመ ነው። ሥሮች ይጠላለፋሉ፤ አንዱ መስመር በሌላው መካከል አልፎ ሩቅ ሄዶ ያበቅላል። ለእኔ ይህ ከንጹሕ ካርታ የበለጠ ይናገራል። ዛፉ እንደ ፈሰሰ ውሃ እኩል አይዘረጋም።

9. ዕድሜውን ገምቱ

ስሌቱ አጭር ነው። በሁለት ግንዶች መካከል ያሉትን ልዩነቶች ቁጠሩ። ለአራት ነገሮች ብዜት አካፍሉት፦ ለ2 (ሁለቱም ግንድ ለየራሱ ሚውቴሽን ስለሚያከማች)፣ ለክሮሞሶም ስብስቡ ብዛት፣ በደንብ ለተነበበው የጂኖም ክፍል፣ እና ለሚውቴሽን ፍጥነት።

ለምሳሌ ያህል ብቻ እንውሰድ። ልዩነቱ 600 ነው። ዛፉ ሁለት ስብስብ አለው። በደንብ የተነበበው 300 ሚሊዮን ቦታ ነው። ፍጥነቱ በዓመት በአንድ ቦታ ከቢሊዮን አንድ ነው። 2 ጊዜ 2 ጊዜ 300 ሚሊዮን፣ ለቢሊዮን ሲካፈል 1.2 ይሆናል። 600 ለ1.2 ስናካፍል 500 ዓመት። ዛፉ ሦስት ስብስብ ያለው ቢሆን 333 ዓመት ገደማ ይመጣ ነበር። በደረጃ 2 ላይ የጠየቅነው ጥያቄ እዚህ መልሱን በሲሶ ቀየረው።

ይህ ቁጥር የሁለቱ ግንዶች የጋራ አያት የኖረበት ዘመን ነው። ዘሪቱ የበቀለችው ከዚያ በፊት ነው። ስለዚህ እጅግ ከሚራራቁት ግንዶች የምታገኙት ዕድሜ የክሎኑ ዝቅተኛ ዕድሜ ነው።

ያመለጡትንም አስሉ። ሰው ሠራሽ ሚውቴሽኖችን ራሳችሁ ንባቦቹ ውስጥ በኮምፒውተር ትከሉ፤ ከዚያ ማጣሪያችሁን ሙሉውን አስኪዱ። ከተከላችሁት 1,000 ውስጥ 400 ብቻ ከተገኘ፣ የቆጠራችሁትን ለ0.4 ማካፈል አለባችሁ። ፍጥነቱ ደግሞ ትልቁ ራስ ምታት ነው። ለዝርያችሁ የተለካ ካለ እሱን ተጠቀሙ። ከሌለ ተከላው በተመዘገበ፣ ዕድሜው በሚታወቅ ዛፍ ላይ ራሳችሁ ለኩ። ይህ ካልተቻለ ከሌላ ዛፍ ተውሳችሁ ዝቅተኛና ከፍተኛ ግምት አድርጋችሁ አስሉ።

ውጤቱንም በአንድ ቁጥር አታቅርቡ። የፓንዶ ግምት ከ16,000 እስከ 80,000 ዓመት ነው የተዘረጋው፤ ለክፍተቱ አንዱ ምክንያት ስንት ሚውቴሽን እንዳመለጠ በእርግጠኝነት አለመታወቁ ነው። 64,000 ዓመት ልዩነት ያለው መልስ ደካማ ይመስል ይሆናል። ሐቀኛ መልስ ግን ያ ነው።

10. መለያው ግንዱ ላይ ይቆይ

የተረፈውን ዲኤንኤ በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች አስቀምጡ። የተጣሉትን ሚውቴሽኖችና የተጣሉበትን ምክንያት በፋይል ያዙ፤ የተሻለ ማጣሪያ ሲመጣ ከዚያ ትጀምራላችሁ። ግንዱ ላይ ያሰራችሁትን መለያ አትፍቱት። ይልቅ በየሁለት ሦስት ዓመቱ ተመልሳችሁ ማሰሪያውን አላሉት፤ ግንዱ ሲወፍር እንዳይታነቅ።

ስትመለሱ የቆሙትንና የወደቁትን መዝግቡ፤ አዲስ የበቀሉትንም ቁጠሩ። በፓንዶ ውስጥ አጋዘኖችና ከብቶች ለጋውን ቡቃያ እየበሉ በብዙ ቦታ ያረጁ ግንዶች ብቻ ቀርተዋል። አጥር የተሠራባቸው ክፍሎች ውስጥ ቡቃያው የተሻለ ይነሣል። የምታጠኑት ክሎንም እንዲህ ከሆነ ያረጁትን ግንዶች አስቀድማችሁ ናሙና ውሰዱባቸው። ዕድሜያቸው የገፋው ግንዶች ተተኪ ሳይኖራቸው ከወደቁና ሥራቸው ከሞተ፣ የያዙት የሐረግ ቅርንጫፍ ከሌላ ቦታ አይገኝም።